ስለ ቀዩ ምን አለች?

እህቴ ሱሀይላ ከሞተች ዛሬ ሃያ ሦስት ቀኗ ነው። ትናንት አመሻሽ ላይ ደግሞ ሳሎናችን ውስጥ ስለ ዓሣ ስታወራ ነበር። «አብሽሪ ፈርሂያ፣ አረንጓዴው ሲመጣ አትደንግጪ። መስታወቱን ጥረጊው፣ መብራቱን ቀንሺለት፣ በቃ» ትላለች ከስልኬ ውስጥ። ከኋላዋ የመኪና ጥሩንባ ይሰማል። እናቴ ዘሊካ ምንጣፉ ላይ እግሯን ዘርግታ፣ መቁጠሪያ ሙስበሓዋን ጭኗ ላይ አጠራቅማ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። ሲያልቅ «ድምጿ ጉንፋን ጉንፋን ይላል» አለች። «በረሃው ሌሊት ይበርዳል አሉ» አልኳት እኔም። በሃያ ሦስት ቀን እንዲህ ያለ ውሸታም ትሆኛለሽ ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር እስቅበት ነበር።

ወሬውን የነገረችን ኡሙልኸይር ናት። የዚሁ የመካነ ሰላም ልጅ ስትሆን ጅዳ ውስጥ ሱሀይላ ከነበረችበት ቤት ሁለት አጥር አልፋ ትሠራለች። መስኮት ስትወለውል ከሦስተኛ ፎቅ ወደቀች አሉን። አሉ ነው እንግዲህ። ያየ የለም፣ ያየም ካለ የሚናገር የለም፣ እዚያው ቀብረዋታል። ያን ዕለት እኔ ሽንት ቤት ገብቼ ፎጣ ነክሼ አለቀስኩ። ወንድሜ ጀብሪል ሱቁን ዘግቶ ከአጎታችንና ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተቀመጠ። ለሠርጉ ወር አልቀረውም ነበር። የሙሽራዋ አባት ሰንጋውን ገዝቷል፣ ካርዱ እስከ ወግዲ ድረስ ተበትኗል። ሽማግሌዎቹ መክረው መክረው፣ መርዶ ቢዘገይ መርዶ ነው፣ የደረሰ ሠርግ ከተመለሰ ግን ለልጅቷም ገዷ አይሆንም አሉ። ስለዚህ እሁድ ኒካሑ ይታሰራል፤ ሰኞ ጎህ ሲቀድ መጥተው ለእናቴ ይነግሯታል። እስከዚያ ድረስ ሱሀይላ አለች። ማዳሟ ይዛት በረሃ ወጥታ ድንኳን ጥለዋል፣ ኔትወርክ የለም፣ መደወል አይቻልም፣ አልፎ አልፎ ከተማ ሲገቡ ብቻ ድምፅ ትልካለች። ይህን ሁሉ የፈጠረው ጀብሪል ነው። መናኸሪያው አጠገብ ሞባይል የሚጠግንበት ሱቅ አለው፤ ሰው ሲዋሽ ኔትወርክ ላይ እንደሚያሳብብ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ድምፆቹ እውነተኛ ናቸው። አስራ አንድ ሆነው ስልኬ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ስለ ዓሣ ነው። ሱሀይላ ስድስት ዓመት ሙሉ የዚያን ቤት ወለል ስትወለውል፣ የሳሎኑን አንድ ግድግዳ የሞላውን የባሕር ዓሣ መስታወትም የምታጸዳው እሷ ነበረች። ሌሎቹ ወርቅ ይዘው ይገባሉ፣ እኔ ባሕር ይዤ እገባለሁ ትል ነበር። ይህ እሷ ያሠራችው ሳሎን መንገድ ዳር ስለሆነ፣ ፊቱን አስፈርሳ ሻይ ቤት ልታደርገው፣ ባሕር አይቶ የማያውቀውን የወሎ ቦረና ሰው ዓሣ እያሳየች ሻይ ልትሸጥለት ነበር ሐሳቧ። ሞተሩን፣ ማሞቂያውን፣ መብራቱን፣ የባሕሩን ጨው በከረጢት በከረጢት በካርጎ ላከችው። መስታወቱን ደሴ ያለ መስታወት ቆራጭ ሠራው። ዓሦቹን ጀብሪል ከአዲስ አበባ በአየር በተነፋ ፌስታል አድርጎ፣ አውቶቡስ ውስጥ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ አመጣቸው። ሦስት ነበሩ፤ አንዱን ከደሴ ወዲህ ያለው መንገድ ገደለው። ሁለቱ ብርቱካናማ ናቸው፤ ወገባቸው ላይ ነጭ መቀነት የታጠቁ ይመስላሉ። እናቴ አኳሪየም የሚለው ቃል አፏ ላይ አልቀመጥ ስላለ «ባሕሩ» ትለዋለች። ባሕሩን አብሪው፣ ባሕሩ ቀዝቅዞታል፣ እያለች።

«አዲስ ባሕር አራስ ነው» አለች ሱሀይላ በመጀመሪያው ድምፅ። «አርባው ሳይወጣ አይጠራም። መጀመሪያ አሸዋው ላይ ቡናማ አቧራ ይመጣል፤ እሱ ራሱ ይሄዳል፣ አትንኪው። ቀጥሎ አረንጓዴው። ቀጥሎ ፀጉር የመሰለው፤ እሱን በእጅሽ እየጠቀለልሽ ንቀዪው። አልጌ ነው ሁሉም፣ የሚያመጣውም የተረፈ ምግብ ነው። በቀን አንዴ፣ በጣት ጫፍ። እማ ዳቦ እንዳትሰጥብኝ። አውቃታለሁ፣ ለዓሣም ሰደቃ ታወጣለች።» እናቴ ይህን ስትሰማ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ያኔ ሱሀይላ በሕይወት ነበረች፤ ሳቋን ቀድቼ ላክሁላት።

ከሞተች በኋላ ጀብሪል በየቀኑ አንድ አሰሚያት አለኝ። እኔ እምቢ አልኩ። አስራ አንድ ድምፅ በአስራ አንድ ቀን ያልቃል፤ ከዚያስ? ስለዚህ ቆጠብኩት። ባሕሩ ላይ አንድ ነገር ሲታይ ብቻ «ሱሀይላን ጠየቅኳት፣ ይኸው መለሰች» ብዬ ለዚያ የሚስማማውን እከፍታለሁ። ባሕሩ ሲጠራ ደግሞ ዝም። እናቴ ከነዚህ አብዛኞቹን አልሰማቻቸውም ነበርና አዲስ ይመስሏታል። ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። አንድ ሰሞን ስድስት ቀን ሙሉ ውሃው እንደ መስታወቱ ጠርቶ ዋለ፤ ስድስቱንም ቀን እናቴ ማዕድ ላይ ቀርባ ሁለት ጉርሻ ጎርሳ ትነሳ ነበር። በሰባተኛው ቀን አረንጓዴው ድንገት ግጥም ብሎ መጣ። ከዚያ ወዲያ ባሕሩ ለአፍታ አልጠራም። ውሃውን ለወጥኩ፣ ድንጋዮቹን በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩ፣ ምግቡን ቀነስኩ። እየቀነስኩ በሄድኩ ቁጥር እየባሰበት ሄደ፤ ምክንያቱን ማወቅ አቃተኝ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ጧት መብራቱን ሳበራ አሸዋው ቀልቷል። ደም የመሰለ አይደለም፤ የጉበት ሽፋን የመሰለ ስስ ነገር ነው፣ አሸዋውንም ድንጋዩንም እንደ አንሶላ ለብሶታል፤ በላዩ ጥቃቅን የአየር ኳሶች ተለጥፈዋል። ጣቴን ሰድጄ ስነካው ጫፉ ተገለበጠና ተላጠ። ውሃው የረግረግ ሽታ ሸተተኝ። ሁለቱ ዓሦች ወደ ላይኛው ጥግ ተጠግተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ስልኬን ይዤ ሽንት ቤት ገባሁ፤ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ አስራ አንዱንም በተራ ሰማኋቸው። በቃሌ አውቃቸዋለሁ፣ ቢሆንም ሰማሁ። ስለ ቡናማው አለ፣ ስለ አረንጓዴው አለ፣ ስለ ፀጉሩ አለ፣ ስለ ጨው ልክ አለ፣ ስለ ማሞቂያው አለ። ስለ ቀይ አንድም ቃል የለም። የመጨረሻው ድምፅ የሚያበቃው «በይ፣ ሌላው ሲመጣ እነግርሻለሁ፣ ማዳም እየጠራችኝ ነው» በሚለው ነው።

ስወጣ እናቴ መስታወቱ ፊት ቆማለች። «ቀላ» አለች። አዎ ቀላ አልኳት። «ስለ ቀዩስ ምን አለች?» ገና አልጠየቅኳትም አልኩ። «ጠይቂያታ። ዛሬውኑ ጠይቂያት።» ድምጿ ውስጥ ጭንቀት ሳይሆን ጉጉት ነበረበት፤ ያን ሰዓት ልብ አላልኩትም።

ጀብሪል ቁርስ ሊበላ ብቅ አለና ቀዩን ሲያይ ኩሽና ድረስ ተከተለኝ። እሁድ የሙሽራዋ ሰዎች እዚያ ሳሎን ውስጥ ናቸው የሚቀመጡት፤ የባሕር ዓሣ እንዳለን ለአማቹ ከነገረው ሰንብቷል። አንድም ድፊው፣ አንድም በረኪና ጨምሪበት አለኝ በሹክሹክታ። ዓሦቹ ይሞታሉ አልኩት። ዓሣ ነው አለኝ። የእሷ ነው አልኩት። ከዚያ ፊቱን ወደ ሳሎኑ አዙሮ ድምፁን ከፍ አደረገና «እማ፣ ሱሀይላ እኮ ሰላም በልልኝ አለች» አለ። ይህን ድምፁን ነው የምጠላው። የሳሎን ድምፅ ብዬዋለሁ፤ እናታችን ባለችበት ብቻ የሚያወጣው፣ እንደ ማስታወቂያ የደመቀ ድምፅ ነው። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። በሃያ ሦስት ቀን ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ገብቷል፤ የሙሽራ ልብሱን ሁለት ጊዜ አስጠብበውለታል። ልብስ ሰፊው «ሙሽራ እንዲህ ነው፣ ፍቅር ያከሳል» እያለ ቀለደበት አሉ።

ሳሎኑ በር ላይ የእናቴ ጥቁር አባያ ተሰቅሏል። ያለፈው ዒድ ሱሀይላ የላከችላት ነው፤ እጅጌው በብር ክር ተጠልፏል። ለእሁድ ብላ አስተኩሳዋለች። በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር ጥቁር የሚለበስበት ቀን ሰኞ ነው እላለሁ በሆዴ።

ረፋዱ ላይ ኔትወርክ ፍለጋ ወጣሁ። የገበያ ቀን ነው፤ መንገዱ በአቧራ ታፍኗል፣ አይሱዙዎቹ ሽንኩርትና ሰው እኩል ጭነው ይገባሉ። የጎረቤታችን የእትየ አልታየች ዳቦ መሸጫ መስኮት ከበራችን ሃያ እርምጃ አይሞላም። ከእናቴ ጋር በአንድ ሰሞን ተድረው እዚህ ሰፈር የመጡ፣ ልጆቻቸውን እየተቀባበሉ ያሳደጉ ሴት ናቸው፤ ሱሀይላን ያዋለዱት እሳቸው ናቸው። ወሬው ከመጣ ወዲህ እግራቸው ቤታችን አልደረሰም። ሲያዩኝ ጠሩኝና የዱቄት ዋጋ ጨመረ፣ አንዱ ዳቦ አስራ አምስት ሊገባ ነው ብለው ጀመሩ፤ በግም ዘንድሮ አይቀመስም አሉ። ወዲያው ድምፃቸው ተሰበረ። «እናትሽ ጧት ጧት ሁለት ዳቦ ትወስዳለች፣ አንዱን ለሰደቃ ነው ትለኛለች። እኔ ፊቷን ማየት አልቻልኩም። በመስኮት አቀብዬ ዞር እላለሁ። ምን ዓይነት ኃጢአት ነው ልጄ የምታሠሩኝ?» ሰኞ ያልፋል አልኳቸው። እስከ ሰኞ ስንት ዳቦ ነው አሉኝ። ስለ ዳቦውም አላሰብኩበትም። ሰደቃው የመስጊዱ በር ላይ ለሚቀመጡት መስሎኝ አለፍኩ።

ከመስጊዱ ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ዳታው ሲፈልግ ይመጣል። ቀይ አልጌ ብዬ ፈለግሁ፤ ክቡ ዞረ ዞረና ቆመ። ሌላ የምጠይቀው ሰው ስላልነበረ ለኡሙልኸይር ደወልኩ። ልጅ አቅፋ ነበር መሰለኝ በሹክሹክታ አነሳችው። ስለ ቀይ አልጌ ስጠይቃት መጀመሪያ አልገባትም። እኔ ሕፃን ነው የማሳድገው፣ ዓሣ አላውቅም አለች። ከዚያ ትንሽ አሰበችና፣ አንድ ጊዜ ቆሻሻ ላወጣ ስሄድ እግረ መንገዴን ብቅ ብዬ፣ ሱሀይላ መስታወቱን በአልጋ ልብስ ሸፍናው አየኋት፣ ምነው ብላት ታሟል፣ ጨለማ ነው የሚያድነው፣ ሦስት ቀን አላበራለትም አለችኝ አለች። ይህን ስሰማ የሆነ ነገር ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ልክ ራሷ የነገረችኝ መሰለኝ፤ አስራ ሁለተኛው ድምፅ። ኡሙልኸይር ግን ስልኩን አልዘጋችም። «ለእናትሽ ነገራችኋት?» አለችኝ። እሁድ ካለፈ በኋላ አልኳት። የሕፃኑን ትንፋሽ እሰማለሁ። «ስትነግሯት እኔ ነኝ ያጠብኳት በያት። ለመንኳቸው፣ ፈቀዱልኝ። የባዕድ እጅ አልነካትም በያት።» አለቀስኩ። እዚያ ጉብታ ላይ፣ አህያ የሚነዱ ሰዎች እያለፉ፣ ፎጣ ሳልነክስ አለቀስኩ። ሲያልቅልኝ ፊቴን በሻሼ ጠርጌ ወረድኩ።

ቤት ስደርስ የአስር አዛን አልተባለም ነበር። መብራት ጠፍቷል። ሞተሩ ሲቆም የሚመጣውን ዝምታ ገና ከበሩ ለየሁት። መብራት በጠፋ ጊዜ እናቴ ዓሦቹ አየር እንዳያጥራቸው በጭልፋ ውሃውን እየቀዳች ትመልስላቸዋለች፤ ያንን የምታደርግ መስሎኝ ጫማዬን አውልቄ ቀስ ብዬ ገባሁ። ጭልፋው ምንጣፉ ላይ ነው። እናቴ ዱካው ላይ ተቀምጣ፣ የመስታወቱን ክዳን ወደ ጎን አንሸራታ፣ የእትየ አልታየችን ዳቦ ልቡን እየቆነጠረች በሁለት ጣቷ እያደቀቀች ውሃው ላይ ትበትናለች። ዓሦቹ አይበሉትም። ፍርፋሪው ያብጥና እየተወዛወዘ ወርዶ ቀዩ ላይ ይተኛል። እጇ የለመደ እጅ ነው፤ አይቸኩልም፣ አያመነታም።

«እማ» አልኳት።

አልደነገጠችም። የያዘቻትን ቁራሽ አድቅቃ ጨረሰችና ጣቶቿን በቀሚሷ ጠረገች።

«ዳቦ እንዳትሰጡ አላለችም?»

«ብላለች። ከሰጣችሁት ይቆሽሻል ነው ያለችው።» ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ውሃው እያየች ነው የምታወራው። «ሲጠራ ዝም ትላለች። ሲቆሽሽ ትናገራለች። እኔ ታዲያ ምን ላድርግ?»

ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩ። በእኔ ቁጠባ ነው። አንድ ድምፅ ለአንድ ቆሻሻ እያልኩ ስሰፍርላት እናቴ ሥርዓቱን አጥንታዋለች። ማንበብ የማትችል ሴት፣ ልጇን የምታናግርበትን መንገድ ከእኔ ስስት ላይ ተምራ፣ ጧት ጧት ዳቦ እየገዛች ባሕሩን ታሳምመዋለች። እኔ ከሥር ከሥሯ እየፈተግኩ አድነዋለሁ። ስንት ሳምንት እንዲህ ስንገፋፋ ከርመናል። ደግሞ ተናድጄ ነበር፤ ለዓሦቹ ነው የተናደድኩት፣ ለእነሱ መናደድ ይቀላል።

«አሁን ቀላ» አለች። «አምጪው። ስለ ቀዩ ምን አለች?»

ስልኬን አወጣሁ። ከኡሙልኸይር የሰማሁትን ሱሀይላ ነገረችኝ ብዬ በአፌ ልነግራት እችል ነበር፤ እናቴ ግን የምትፈልገው ምክሩን አይደለም። ጣቴ አስራ አንዱ ላይ ወጣ ወረደ። ከማፍጠጥ ብዬ አንዱን ነካሁ። «አብሽሪ ፈርሂያ፣ አረንጓዴው ሲመጣ አትደንግጪ…» እናቴ መዳፏን አነሳች።

«ይሄ የአረንጓዴው ነው። ትናንትም ይሄው ነው፣ ባለፈው ጁምዓም ይሄው ነው። አሁን ጥሩንባ ይነፋል።»

ጥሩንባው ተነፋ።

«ስለ ቀዩ ነው ያልኩሽ።»

ጠበቀችኝ። እናቴ ሰው ስትጠብቅ ፊቷ ላይ ምንም አይንቀሳቀስም። መርዶ በአገራችን በሽማግሌ ነው የሚነገረው፣ ጎህ ሲቀድ፣ ጎረቤት ከበር ቆሞ፣ የሚደግፍ ሰው ግራና ቀኝ ተቀምጦ። እኔ ይህ ሁሉ ሳይኖረኝ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ባዶ ቤት ውስጥ፣ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ነገራት።

«ስንት ቀኗ ነው?»

«ሃያ ሦስት።»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች፤ ድምጿ ሩቅ ያለ የማታውቀው ሰው አረፈ የተባለች ያህል ዝቅ ያለ ነበር። አልጮኸችም፣ ደረቷን አልመታችም። ግንባሯን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ሽበቷ ታየኝ፤ ሄናው ካለቀ ሰንብቷል፣ ለእሁድ ልቀባላት ነበር። እንደዚያ ሆና ማን አጠባት ብላ ጠየቀችኝ። ኡሙልኸይር አልኳት፤ የባዕድ እጅ አልነካትም ብለሽ ንገሪልኝ ብላኛለች አልኳት። «አሏህ ልጅ ይስጣት፣ ልጇ ያጥባት» አለች። ከመስታወቱ ስትነሳ ግንባሯ ላይ ክብ የእርጥበት ምልክት ቀርቶ ነበር።

ከዚያ ሌላውን ሁሉ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ስለ ፎቁ፣ ስለ ሽማግሌዎቹ፣ ስለ ሰኞ። ጀብሪል ነው የወሰነው ስላት ቁጣዋን ለማየት ቀና ብዬ ጠበቅሁ። እውነቱን ለመናገር እንድትቆጣ ፈልጌ ነበር። ሠርጉ ይፍረስ፣ ሰንጋው ወደ በረቱ ይመለስ፣ ካርዱም ይቃጠል፤ እኔም እህቴን በአደባባይ ላልቅሳት። እናቴ ግን ለብዙ ጊዜ ሙስበሓዋን ቆጠረች። «ልጅቷም የሰው ልጅ ናት» አለች በመጨረሻ። «እጇ ሄና ተቀብቷል። ከዚህ በኋላ ቢመልሷት ገደ ቢስ ነው የሚሏት። ፈርሂያ፣ ለጀብሪል እንዳትነግሪው። ሰኞ ይነግሩኛል፣ ሰኞ እሰማለሁ።» እንዴት አድርገሽ አልኳት። እናንተስ እንዴት አድርጋችሁ አለችኝ። ውዱእ አድርጋ የአስርን ሶላት ቆመች፤ ሱጁድ ላይ ተደፍታ በጣም ስለቆየች ሁለት ጊዜ ልነካት እጄን ዘርግቼ መለስኩ።

ሰግዳ ስትጨርስ ስለ ጨለማው ነገርኳት፤ ታሞ ጨለማ ያድነዋል እንዳለች፣ በአልጋ ልብስ ሸፍና ሦስት ቀን እንዳቆየችው። «እሷ ናት ያለችው?» አለች። ለኡሙልኸይር ነው የነገረቻት አልኩ። «ያው ነው» አለች። አጎንብሰን፣ እኔ ቱቦውን ይዤ፣ እሷ ባልዲውን ይዛ፣ ቀዩን ከአሸዋው ላይ እያላጥን ሳብነው። ዳቦውም አብሮ ወጣ። ባልዲው ውስጥ ያለውን ደጅ ስደፋ የገባው ሽታ አሁንም ከእጄ አልለቀቀም።

መብራት የመጣው ለመግሪብ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ነው። ሞተሩ ዝግ ብሎ ሲነሳ ጀብሪልም ገባ፤ በአንድ እጁ ለእሁድ የተከራየውን ድምፅ ማጉያ ገመድ፣ በሌላው ሁለት ሊትር በረኪና ይዟል። ለእኔ በዓይኑ ወደ ባሕሩ ጠቆመኝ። ከዚያ ወደ እናታችን ዞሮ ያንን የሳሎን ድምፁን አወጣ።

«እማ፣ እንዴት ዋልሽ? ሱሀይላስ ዛሬ ድምፅ ላከች?»

እናቴ ከመስገጃዋ ላይ ቀስ ብላ ተነሳች።

«ልካለች» አለች።

ጀብሪል ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ስለ ቀዩ ተናገረች። መብራቱን አጥፉለት አለች። ሦስት ቀን ብርሃን አይየው፣ ምግብም አይቅመስ። ሰኞ ጧት ግለጡት አለች።» እየተናገረች እጇን ሰድዳ የባሕሩን መብራት አጠፋችው፤ ብርቱካናማዎቹ ጠፉ። በሩ ላይ የተሰቀለውን ጥቁር አባያ አወረደችና መስታወቱ ላይ ዘረጋችው። እጅጌዎቹ በሁለት በኩል ተንጠለጠሉ። የብሩ ጥልፍ ወደ ውስጥ እንዲሆን አገላብጣ፣ ጫፉን ከሥር አስገብታ፣ ግራና ቀኙን አስተካከለች። የሰው ገላ እንደሚሸፈነው ነው የሸፈነችው።

«እማ፣ ያ እኮ የእሁድ ልብስሽ ነው» አለ ጀብሪል። የሳሎኑ ድምፅ ከጉሮሮው ጠፍቷል።

«ሌላ እለብሳለሁ።»

ወደ እኔ አየ። ዓይኔን ምንጣፉ ላይ ተከልኩ፤ አደራ ነው። ወደ እሷ አየ፣ ወደ ጥቁሩ ነገር አየ። የበረኪናውን ጀሪካን በሩ ሥር አስቀመጠው።

«ሌላስ… ሌላስ ምን አለች?» አለ። እንደ ልጅነቱ ነው የጠየቃት።

እናቴ አንድ የተረፈ ጫፍ አገኘችና አስገባችው።

«ሌላ አላለችም። እዚህ ላይ ነው ያበቃችው።»

ጀብሪል ቆሞ ቀረ። እናቴ አልፋው ወደ ኩሽና ሄደች፤ ትሪ ሲነሳ፣ ውሃ ሲቀዳ ሰማን። ከዚያ ከውስጥ ሆና ጠራችው። «ና ጀብሪል፣ ራትህን ብላ። ሙሽራ ጾሙን አያድርም» አለች፤ ድምጿ ደምቋል፣ ወንድሜ ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያወራላት የከረመበት ያ የሳሎን ድምፅ ነበር።